የሰባተኛ ማታዎች

ላምባ እንደ ድሮው በየሱቁ አይቸረቸርም። ለዚህ ይሆናል ባለፈው ክረምት ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ሳልፍ ሽታው ሲመጣብኝ እግሬ ቀጥ ያለው። አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ በርጩማ ስባ ተቀምጣ የቡታጋዟን ክር እየጎተተች ታስተካክላለች። ከጎኗ ጥላሸት የለበሰ ማንቆርቆሪያ ተራውን ይጠብቃል። ሽታው ከጭቃ፣ ከናፍጣ ጭስና ከሚንቻቻ ዘይት ጋር ተደባልቆ ነው የመጣው። ሰባተኛ እንዲህ ነበር የሚሸተው፣ በተለይ ማታ ማታ።

የሰባተኛን ማታ የሚሠራው አውቶቡስ ተራ ነበር። የጎጃሙ፣ የጎንደሩ፣ የወሎው፣ የወለጋውና የጅማው አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሳ መንገደኛው ሩቅ ማደር አይችልም። እዚያው አካባቢ አልቤርጎ ይይዛል፣ እራቱን ይበላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሻንጣውን ተሸክሞ ይወጣል። በአዲስ አበባ አፍ ሰባተኛ ማለት የመጠጥ ቤትና የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ነው። ያ ሁሉ ነበር። እኔ የማስታውሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ እሳት የማይጠፋበት የሥራ ሰፈር ነው፤ እሳቱን የሚያነዱት ደግሞ ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ። ሰው ሁሉ በሚጓዝበት ቦታ የማይነቃነቁት እነሱ ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

እናቴ ለአልቤርጎዎቹ እንጀራ ትጋግር ነበር። ምድጃው የሰጋቱራ ነው፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ልብስ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ክፍል ውስጥ ከፊቴ የምትቀመጥ ልጅ ዞር ብላ አፍንጫዋን ስትይዝ ትዝ ይለኛል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን አልጋ ላይ ጥዬ ቢጫዎቹን ሁለት ጀሪካኖች አነሳለሁ። የቦኖው ውኃ የሚመጣው ማታ ነው፤ ወረፋው እስከ ዋናው መንገድ ይደርሳል። ከዚያ ሊጥ አለ፣ ከዚያ ምጣድ ማሰስ አለ፣ ከዚያ እንጀራውን በመሶብ አድርጎ ለየአልቤርጎው ማድረስ አለ። ወንድሜ በዚያ ሰዓት ያጠናል፤ ሲደክመው ኳስ ሜዳ ወርዶ ይጫወታል። እናቴ ከሁለታችን አንዳችንን አስበልጣ ትወድ ነበር ብዬ አላምንም። ወንድ ልጅ ሊጥ ሲያቦካ አይታ ስለማታውቅ ብቻ ማታው የሱ ሆነ። እኔ ደብተሬን የምከፍተው ሰፈሩ የሁለተኛውን ዙር እራት ሲጨርስ ነበር፣ መብራት ከጠፋ በኩራዝ። ጠዋት አፍንጫዬን ስጠርግ መሐረቤ ይጠቁራል።

እናቴ ራሷ ፊደል የቆጠረችው በማታ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም ሲጀመር የሰፈራችን ሴቶች ከሥራ መልስ ቀበሌው አዳራሽ እየተሰበሰቡ ሀ ሁ አሉ። ዘመቻው ለኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል። ለእናቴ ያስገኘላት የምስክር ወረቀት ግድግዳችን ላይ ከማርያም ሥዕል ጎን ተሰቅሎ ጥግ ጥጉ በጭስ ቢጫ ሆኖ ነበር። እንጀራ አድርሳ ስትመለስ የአውቶቡሶቹን ታፔላ ጮክ ብላ ታነብ ነበር፤ «ደሴ»፣ «ደብረ ማርቆስ»፣ «ነቀምቴ»። ልቀጥል ስትል ልጅ መጣ፣ ምጣድ መጣ፣ ማታው አለቀ።

ከሰባተኛ ስድስት ኪሎ ሩቅ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት የተከፈተው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት እዚያ ነው። ስንዱ ገብሩ ከመሩት አንዷ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ፓርላማ ለመግባት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነዋል። እኚህን ሴት ሳስብ እኮራለሁ። ወዲያው ደግሞ የእናቴን ታፔላ አስባለሁ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ የታክሲ መንገድ በማይሞላ ርቀት ላይ የኖሩ ሴቶች ናቸው።

ጎረቤቴ የሆነችውን ልጅ ያመጣት የጎጃም አውቶቡስ ነው። ስሟን አልጽፈውም፤ እዚህም ስትመጣ ስሟ ለመጥራት ይከብዳል ተብሎ ሌላ ወጥቶላት ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ከቤታችን ሦስት በር አልፎ ባለው ሻይ ቤት ገባች። እኩያዬ ናት። አገሯ እስከ ሦስተኛ ክፍል ተምራለች። አባቷ ለባል ሊሰጧት ቀን ሲቆርጡ አክስቷ በሌሊት ከአንዲት ነጋዴ ጋር አሳፈረቻት። አውቶቡስ ተራ ስትወርድ ደላላ ተቀበላት፤ ደላላው ለሻይ ቤቷ ባለቤት ሲያስረክባት ውሉ በቃል ነበር፦ ምግብ፣ ማደሪያ፣ ትንሽ ደመወዝና የማታ ትምህርት።

ባለቤቷ፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት፣ ክፉ ሰው አልነበሩም። የማታ ትምህርቱን ሲሉ ከልባቸው ይመስለኛል። ነገር ግን የማታ ትምህርት የሚጀምረው 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ በዚያው ሰዓት ከየክፍለ ሀገሩ የሚገቡት አውቶቡሶች ተሳፋሪ ያራግፋሉ፣ ሻይ ቤቱ ይሞላል። ሌሊት 9 ሰዓት ደግሞ ለሚሳፈሩት ሻይ ለማፍላትና ፓስቲ ለመጥበስ መነሳት አለባት። «ለመስከረም እናስመዘግብሻለን» ይሏት ነበር። መስከረም ሲመጣ አዲስ ዓመት ነው፣ መስቀል ነው፣ ሁሉም አገሩ የሚገባበት ወር ነው፤ ከሁሉ ወር አብልጦ ሰው የሚበዛበት።

ትምህርቷ የዱቤ ደብተር ሆነ። እትዬ መጻፍ ስለማይችሉ የወያላውን፣ የተሸካሚውን፣ የዘበኛውን ዱቤ የምትመዘግበው እሷ ነበረች። ደብተሩን ዛሬም አየዋለሁ፤ ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት፣ ሽፋኑ በዘይት ወዝቶ ብርሃን የሚያሳልፍ። «ሻይ 2፣ ፖስቲ 3» ብላ ትጽፋለች፤ እኔ «ፓ ነው» እላታለሁ፣ ትሰርዝና ታስተካክላለች። አምስት ቁጥሯ ተገልብጦ ይወጣ ነበር። ስድብ ለሚወዱት ወያሎች ከስማቸው አጠገብ ትንሽ መስቀል ታደርግ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ሒሳባቸውን ፈጥኜ ለመቀበል» አለችኝ። እኔ የተማርኩትን ማታ ቦኖው ጋ ወረፋ ስንጠብቅ ትጠይቀኛለች። ክፍልፋይ ሲሆን አቃተኝ፤ እኔም በደንብ አልገባኝም ነበር። «ግማሽና ሲሶ እንዴት ይደመራል? አንድ ዓይነት አይደሉም እኮ» አለች። መምህራችን ያንኑ ለማስረዳት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጅቶበታል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ስም ጠሪ ነበርኩ። በመዝገባችን ሴቶቹ ከወንዶቹ ብዙም አያንሱም ነበር፤ ርእሰ መምህሩ ለእንግዶች ቁጥሩን በኩራት ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ጎረቤቴ ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ ቀሪ እንኳ አልነበረችም። ቀሪ ለመባል መጀመሪያ መመዝገብ ያስፈልጋል። ስለ ፆታ እኩልነት በትምህርት ቤት የሚቀርብ ሪፖርት ባነበብኩ ቁጥር ይኼ ነገር ይመለስብኛል። የተመዘገቡት ይቆጠራሉ፤ የልጅቱ ሰዓት ግን የማን እንደሆነ የሚጽፍ ዓምድ የለም።

ሕጉ ያኔ ከአባቷ ጋር እንኳ አልነበረም። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ነበር የሚለው፤ እሷ ከዚያም በታች ነበረች። በ1987 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከቆየው የበታችነት ታሪካቸው የተነሳ ተጨማሪ ድጋፍ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገው። እነዚህ ትልልቅ ነገሮች ናቸው፤ ያለ እነሱ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም። ሰባተኛ ግን ሕጉ በሚወጣበት ሰሞንም ከየአውቶቡሱ ልጆች ይወርዱ ነበር።

ኋላ ላይ ነው እዚያው ጎጃም ውስጥ አንድ ሥራ መሞከሩን የሰማሁት። ብርሃነ ሄዋን ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ በምትባል ቀበሌ ፖፑሌሽን ካውንስል ከክልሉ መንግሥት ጋር ሆኖ አካሄደው። ለልጃገረዶቹ የትምህርት መሣሪያ ይሰጣል፣ ከትምህርት ውጪ የሆኑት በቡድን ይሰበሰባሉ፣ ልጁን ሳይድር ሁለት ዓመት ያቆየ ቤተሰብ የቤት እንስሳ በስጦታ ያገኛል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ዘንድ ትምህርት ላይ መቆየቱ ጨመረ፣ ጋብቻው በግልጽ ቀነሰ። ከ15 በላይ ባሉት ላይ ግን ያን ያህል አልያዘም። ይህን ሳነብ ስለ ስጦታው ብዙ አሰብኩ። ያቺ ልጅ አገሯ ሳለች እንዲህ ያለ ስጦታ በቂ ሊሆን ይችል ነበር። አውቶቡስ ተራ ከወረደች በኋላ ስጦታ የሚመልሰው ነገር አልነበረም።

ሰባተኛ ክፍል የጀመርኩበትን ዓመት የማስታውሰው በሹራብ ነው። ጸሐይ አናት በምትበሳበት ቀን ሹራቧን ወገቧ ላይ ያሰረች ልጅ ካየን ምን እንደደረሰ እናውቃለን፤ ሁለት ሆነን ከኋላዋ እስከ በሩ እንሸኛታለን። መጸዳጃ ቤቱ ውኃ የለውም፣ መዝጊያውም ወልቋል። ሞዴስ የሚባል ነገር በፋርማሲ መስታወት ውስጥ ነው የምናውቀው። በየወሩ ከክፍላችን ሴቶች ሁለት ሦስቱ ይቀራሉ፤ እኔም መዝገቡ ላይ «ቀሪ» ብዬ እጽፋለሁ። መቐለ ላይ የሚታጠብና ደጋግሞ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ የሚያመርተውን ማርያም ሳባን ያቋቋሙት ፍሬወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ሲባሉ ቴሌቪዥን ፊት ቆሜ ያለቀስኩት ለእነዚያ ሹራቦች ነው። ሴት ልጅ ትምህርት ለምን ታቋርጣለች ተብሎ በየአዳራሹ ሲጠየቅ፣ መልሱን ጨርቅ ቀድዶና ሰፍቶ የመለሰ ሰው ነበር።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በአገሪቱ ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ከአራት ተማሪ አንዷ ገደማ ነበረች ሴት። ለሴቶች የመግቢያ ነጥቡ ዝቅ ያለ ነበር፤ እኔም በዚያ ነጥብ ነው ያለፍኩት። በመጀመሪያው ሴሚስተር የቡድን ሥራ ስንከፋፈል አንድ ልጅ «አንቺ ሽፋኑን ሥሪ፤ እናንተ በሴትነታችሁ ነው የገባችሁት» አለኝ። ብዙዎቹ ሳቁ። መልስ ያገኘሁት ማታ ዶርም ገብቼ ነው፤ የዚያን ነጥብ ልዩነት አውቀዋለሁ፣ በሁለት ቢጫ ጀሪካን ተሸክሜዋለሁ። እሱ ጥያቄ ሲሠራ እኔ ወረፋ ላይ ነበርኩ፤ የወንድሜን ያህል ማታ ቢኖረኝ የወንድሜን ያህል ነጥብ ይኖረኝ ነበር። ድጋፍ ያሉት ነገር የተወሰደብኝን ሰዓት በከፊል መመለስ ነው፣ ያውም ጥቂቱን። ዛሬም ይህን ማንም ፊት እናገረዋለሁ።

በር መክፈት ግን ማስቀመጥ አይደለም። ዶርማችን ስምንት አልጋ ነበረው፤ ከሴሚስተሩ ፈተና በኋላ ሁለት ፍራሾች ባዶ ቀሩ። አንደኛዋ ከገጠር የመጣች ብርቱ ልጅ ነበረች፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ማስታወሻ መያዝ አቃታት፣ ለመጠየቅም አፈረች። ሌላዋን ያባረራት ውጤት ብቻ አልነበረም። አንድ መምህር ወረቀቷን «ቢሮ መጥተሽ እይው» አላት፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ። አልሄደችም። ለማን እንደምትነግር ስላላወቀች ትምህርቱን ጣለችው፤ ከዚያ ሌላውም ተከተለ። ከእኛ በኋላ በየዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ቢሮዎች በርትተው ለሴት ተማሪዎች ቱቶሪያል መስጠት፣ የትንኮሳ ደንብ ማውጣት፣ ለቸገራቸው ሳሙናና ሞዴስ ማዳረስ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት መምህራኑ ብሌን ሳህሉና አክሊል ሰለሞን ከተማሪዎቻቸው ጋር የሎ ሙቭመንትን መሠረቱ። ቢጫ ለብሰው ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ስለ ጥቃት በግልጽ ያወራሉ፤ በፍቅረኞች ቀን አበባ ሸጠው ገንዘቡን ለተቸገሩ ሴት ተማሪዎች ያውላሉ። ትምህርቷን የጣለችው የዶርማችን ልጅ ያን ጠረጴዛ ብታገኝ ኖሮ የምትቀመጥበት ወንበር ነበራት።

አንድ ክረምት ለዕረፍት ሰባተኛ ስመለስ የቀበሌው አዳራሽ ደጃፍ ላይ ደብተር የያዙ ልጃገረዶች አየሁ። እናቴ ሀ ሁ ያለችበት ዓይነት አዳራሽ ነው። ልብሳቸው ጓዳ ጓዳ ይሸታል፣ እጃቸው በሳሙና የተላጠ፣ አንዳንዷ ነጠላ ጫማ በሹራብ ካልሲ። የቤት ሠራተኞች ናቸው። ብርሃነ ሄዋንን የሠሩት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ብሩህ ተስፋ የሚል ሥራ በመርካቶ አካባቢ ጀምረው ነበር፤ ከትምህርት ውጪ ለሆኑ፣ ብዙዎቹ ከገጠር ለመጡ ልጃገረዶች። የሰፈሩ ሴቶች መካሪ ሆነው ቤት ለቤት እያንኳኩ አሠሪዎችን ይለምናሉ፦ «በሳምንት ለተወሰኑ ቀናት፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ ልቀቋት።» ልጆቹ ፊደል ይቆጥራሉ፣ ራሳቸውን ስለመጠበቅ ይማራሉ፣ ከሁሉ በላይ ጓደኛ ያገኛሉ። ብዙዎቹ በከተማው ውስጥ አንድም የሚጠሩት ሰው አልነበራቸውም።

የሥራው ብልሃት ያ ማንኳኳቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ትምህርት ቤት ሠርቶ ነይ ማለት ለኔ ዓይነቷ ይበቃል፤ ሰዓቷ በሌላ ሰው እጅ ላለች ልጅ ግን ሰዓቱን ከያዘው ሰው ጋር መደራደር ያስፈልጋል።

ያን ጊዜ ጎረቤቴ ሻይ ቤቱን ራሷ ይዛው ነበር። እትዬ ታመው አገራቸው ሲገቡ ተከራየችው። አንዲት ከወሎ የመጣች ልጅ ቀጥራለች። መካሪዋ መጥታ ስታንኳኳ ለሁለት ሰዓቱ አልተከራከረችም፤ «አራትም ቢሆን ውሰጂያት፣ ብቻ ጨለማ ሳይሆን መልሺያት» ብላ በዚያ ሰዓት ብርጭቆውን ራሷ አጠበች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

አሁን ያለው ሰባተኛ በቆርቆሮ አጥርና በፎቅ መካከል ነው። አውቶቡሶቹ ከመናኸሪያው ይወጣሉ፣ ነገር ግን ብዙው መንገድ ወደ ሌሎች መናኸሪያዎች ሄዷል። ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ይመገባሉ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ያገኛሉ፤ የሚያበስሉት እናቶችም ደመወዝተኛ ሆነዋል። እናቴ ይህን ብታይ ብዬ ብዙ ጊዜ እመኛለሁ፤ እንጀራ ጋግሮ የወር ደመወዝ። በዚያው ዘመን ኩረጃን ለመግታት የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ፤ ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሰው ሁሉ ስለ ኩረጃው አወራ፣ ማውራቱም ተገቢ ነው። እኔ ግን ከዚያች አነስተኛ ቁጥር ውስጥ ስንቷ ልጅ ማታዋን ይዛ እንዳደገች አሰብኩ። የፈተናው ወረቀት ለሁሉም አንድ ነው፤ ወደ ወረቀቱ የተደረሰባቸው ማታዎች ግን አንድ ሆነው አያውቁም። ማነው ዛሬ ጀሪካኑን የሚያነሳው? ቧንቧው ግቢ ገብቷል፣ ጀሪካኑ ግን ስሙን ቀይሮ ወንድምን መጠበቅ፣ ሱቅ መቀመጥ፣ ለእንግዳ ቡና ማፍላት ሆኗል። የሥርዓተ ፆታ ክበብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች መምህራን ወላጅ ሲጠሩ ውጤት ብቻ ሳይሆን ይህንንም ቢጠይቁ እወዳለሁ፦ ልጅዎ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ምን ትሠራለች?

ያን ክረምት ላምባው ያስቆመኝ ጊዜ በዚያው ወደ ጎረቤቴ ቤት ገባሁ። አርባ ዓመት አልፏታል። ሻይ ቤቷን 11 ሰዓት ላይ ትዘጋለች። «በጣም ገቢ የሚገባበት ሰዓት እኮ ነው» ስላት «አውቃለሁ፣ ሃያ ዓመት ሸጬዋለሁ» አለች። የማታ ተማሪ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ገብታ ለሚኒስትሪ ትዘጋጃለች። አማርኛውና ማኅበራዊው አያስቸግራትም፤ እንግሊዝኛውን ልጇ ታስጠናታለች፤ ሒሳቡ ነው ያለቀው ሲባል የሚጀምረው። ከባንኮኒው ሥር ደብተሯን አውጥታ አሳየችኝ፤ አምስት ቁጥሯ ተቃንቷል። ገጹ ላይ ግማሽና ሲሶ ተደምሮ ሁለት አምስተኛ ተብሏል፣ መምህሯ በቀይ አስምሮበታል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ታችኛውን ቁጥር መጀመሪያ አንድ ማድረግ እንዳለብን አሳየኋት፤ ሦስት ስድስተኛና ሁለት ስድስተኛ። አምስት ስድስተኛውን ራሷ ጻፈች፤ ከዚያ ቀጣዩን ጥያቄ እንዳልነካባት በእጇ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበችው። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከሰዓት እየሄድኩ ነው፤ ክፍልፋዩን ጨርሰን መቶኛ ጀምረናል።